እስከ ፋሲካ የተጠራቀመው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት፣ ማታ ማታ እግሬን እንደ ሳማ ለሚለበልበኝ ሕመም ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት ልገዛ ከሰፈራችን ፋርማሲ ገባሁ። ባለሙያዋ የልጅ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ማዘዣውን አንብባ ከመደርደሪያው ትንሽ ካርቶን አወረደችና፣ "አባባ፣ ይሄ በጥቂቱ ሲወሰድ ለነርቭ ሕመም ይረዳል፤ በመሠረቱ ግን የድባቴ መድኃኒት ነው" አለችኝ። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ መስማት እንደሚቸገር ሰው ቆጥራኝ መሰለኝ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቀጠለች፤ "አንድ ቀን ቢረሱት ይለፉት እንጂ በማግስቱ ደርበው እንዳይወስዱ! ሲበዛ ልብ ያቆማል።"

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም አነበብኩት፤ አውቀዋለሁ። ምን ያህል እንደ ቆምኩ አላውቅም፤ ከኋላዬ የነበረ ጎልማሳ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው የነቃሁት። ልጅቱ "አባባ፣ ደህና ነዎት?" አለች። ደህና ነኝ ብዬ ወጣሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ታሪክ በማስተማር ነው። ተማሪዎቼን፣ አንድ ምስክር ከብዙ ዓመት በኋላ የሚሰጠውን ቃል በጥርጣሬ መርምሩ፤ በተለይ ቃሉ ምስክሩን ደህና ሰው አድርጎ ሲያቀርበው እጥፍ አድርጋችሁ ጠርጥሩ እላቸው ነበር። አሁን ምስክሩ እኔ ነኝና አንባቢም ይህንኑ እንዲያደርግ እለምናለሁ።

አባቴ ከጃናሞራ በበቅሎ የሚመጣውን ገብስ ደባርቅ ላይ ተቀብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ቀልድ ይወዳል፤ ሳቁ ከቤታችን እስከ መኪናው መንገድ ይሰማል። ታላቅ ወንድሜ፣ ወጣት በየመንገዱ በሚገደልበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ከጎንደር ሳይመለስ ሲቀር ግን ሳቁ አብሮ ቀረ። ለወንድሜ ለቅሶ አልተቀመጥንም። ተከልክሎ ነበር፤ ወይም የከለከለን ሳይኖር ራሳችን ፈርተን ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ድንኳን አልተተከለም፤ ንፍሮ አልተቀቀለም። እናቴ ጥቁር ነጠላዋን ከቤት ውስጥ ብቻ ትለብሰዋለች። አባቴ ግን ማልቀስም አልቻለም። መብላት ተወ፤ መተኛት ተወ፤ ገብሱን ጭነው የመጡትን ሰዎች እያየ እንዳላየ ሆኖ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውል ጀመር። በመጨረሻ አጎቴ "ለጨጓራው" ብሎ አስወርቶ ጎንደር ወሰደው፤ ሐኪሙም ያን ክኒን ሰጠው።

መድኃኒቱ በቤታችን ውስጥ እንደ ተደበቀ መሣሪያ ነበር። እናቴ ከጓዳ፣ ከሽሮው ማድጋ ጀርባ ታስቀምጠዋለች። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልጆች የእብድ ልጆች ይባላሉ፤ እህቴን የሚያጫት አይገኝም። ከዚያም ሌላ፣ አባቴ ምን ሆኖ ታመመ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወደ ወንድሜ ይደርሳል። ስለዚህ ለጎረቤት ሁሉ ጨጓራ ሆነ። እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ ጠቅሞት ነበር። ጥቂት ወራት ከወሰደው በኋላ መብላት ጀመረ፤ አንድ ቀንም የበቅሎ ነጂዎቹን ሲያበሽቃቸው ሰምታ እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሐኪሙ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሰድ ብሎት ነበር። አባቴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ጿሚ ነው። "ክኒን ያለ ውኃ አይወርድ፤ ውኃ ደግሞ ጾም ይሽራል" አለ፤ የቀኑን ተወው። የሕማማት ሰሞን ሲደርስ የማታውንም ተወው። ነገር ግን ሐኪም ያዘዘውን መጣልም ነውር ሆነበት። እንግዳ መጥቶበት የቀረ ስግደት በኋላ እንደሚሰገድ ሁሉ፣ ያልዋጠውንም ክኒን በክብሪት ቀፎ እያጠራቀመ ለፋሲካ አቆየው። ይህን እኔ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

እኔ ጎንደር ተማሪ ነበርኩ፤ ለበዓሉ መጣሁ። የበልግ ዝናብ መሬቱን አርሶት፣ ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ነፋስ እርጥብ አፈር አፈር ይሸት ነበር። ለፋሲካ አዲስ የሸክላ ድስት ተገዝቶ ነበር። ሻጯ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የቤተ እስራኤል መንደር የምትኖር ሴት ናት፤ በዋዜማው ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበቷ ሲወጣ፣ እስከ በራችን አምጥታ ሰጥታናለች። ያኔ መንደሩን የምንጠራው ዛሬ ለመድገም በማልፈልገው ስም ነበር። እሷንም "ሸክላ ሠሪዋ" ነበር የምንላት።

በፋሲካ ጠዋት ጎረቤቶቻችን ተሰበሰቡ። ዶሮ ወጡ በአዲሱ ድስት እንደ ተሠራ ወደ መሶቡ ቀረበ፤ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ ያብረቀርቃል። አባቴ በላ፤ ጠላውንም ደጋግሞ ጠጣ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ብቻ አለው። "ጾሙ ደክሞት ነው፤ ይተኛ" ተባለ። ወደ ቀትር ሲሆን ግን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ቆዳው ይፋጃል፤ ላብ ግን የለውም። ከንፈሩ ደርቆ ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል። ዓይኑ ውስጥ ያለው ጥቁር ሰፍቶ ሰፍቶ ቡናማው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጣቶቹን አንስቶ ከአየር ላይ የማይታይ ክር ይለቅም ጀመር። ቀጥሎም ወደ በሩ እያየ ፈገግ አለና "ግባ እንጂ ልጄ፤ ምን ቆመሃል? ወጡ ሳይቀዘቅዝ ግባ" አለ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ከጎረቤቶቻችን በዕድሜ የሚበልጡት አያ ደምሌ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። "ይሄ የደህና ሰው ነገር አይደለም" አሉ። "ድስቱ የማን ነው?"

"የሸክላ ሠሪዋ" አለች እህቴ፤ ያኔ ገና ልጅ ናት።

"በሉ! ምን ትጠይቁኛላችሁ ታዲያ? ተበልቷል።"

ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አምጥተው ከአፍንጫው ላይ ያዙበት። "ማን ነህ? ተናገር! ማን በላህ?" እያሉ ጮኹበት። አባቴ ግን ለእነሱ አልመለሰም፤ ከወንድሜ ጋር ነበር የሚያወራው።

እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበችኝ። "ያደረውን ሁሉ ዋጠው" አለችኝ በሹክሹክታ። "የቱን?" "ክኒኑን። በሁዳዴ ያልወሰደውን፤ በክብሪት ያስቀመጠውን። አሁን ቀፎውን ባዶውን አገኘሁት።" ቀፎውን አሳየችኝ። "ይጎዳል እንዴ? መድኃኒት አይደል? ሲበዛ ቶሎ ያድን እንደሆን እንጂ!"

ሐኪም አልነበርኩም፤ ይጎዳል ብዬ ግን ገምቻለሁ። በእርግጥ ገምቻለሁ ወይስ ዛሬ የማውቀውን ወደ ኋላ ወስጄ በዚያ ወጣት ራስ ውስጥ እያስቀመጥኩት ነው? ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። የማስታውሰው ግን "እማዬ፣ ለሰዎቹ እንንገራቸው፤ ሐኪም ቤት ይሂድ" ማለቴን ነው። እሷም አፌን በመዳፏ ያዘችው።

"በእመቤቴ! በእህትህ አምላክ! እብድ ነው ሊሉት ነው? ቡዳ ነው ይበሉ። ቡዳ የማይበላው ሰው የለም፤ ነውር አይደለም።"

ለእናቴ ስል ዝም አልኩ ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በየስብሰባው ስለ ኋላ ቀር እምነት ሲነገር እያጨበጨበ፣ አባቱ የአእምሮ መድኃኒት ይወስዳል እንዳይባል የፈራው እኔ ነኝ። የተከበረ በሽታ ተገኝቶልን ነበር፤ እኔም ያዝኩት።

ከጓዳ ስመለስ ምክሩ አልቆ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ መጥታ እንትፍ ትበልበት ተብሏል፤ የበላችው እሷ ከሆነች ምራቋ ያስለቅቀዋልና። ችግሩ የቀበሌው ሰዎች ናቸው። በጉልበት ከጎተቷት ጭቆና ነው ተብለው ይታሰራሉ። አያ ደምሌ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ሂድ። አንተ የተማርህ ነህ፤ ስትናገር ግዳጅ አይመስልም።"

ሄድኩ። ከመንደሩ ስደርስ ለእነሱ የሥራ ቀን ነበር፤ እርጥብ ሸክላ በየደጃፉ ተደርድሯል። ከጎጆዋ ፊት ቁጢጥ ብላ የአንድ ገንቦ አንገት ታለሰልሳለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅም ትንሽም ሰው "አንቺ" ነበር የሚላት። እኔም እንዲሁ። ያን ቀን "እንደምን ዋሉ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "እግዜር ይመስገን። ድስቱ ተሰነጠቀ?"

"አይ፣ ድስቱ ደህና ነው። አባቴ ታሟል።"

"እግዜር ይማረው። እኔ ታዲያ ሐኪም ነኝ?"

"እነ አያ ደምሌ... መጥተው ቢያዩት ብለው ነው።"

እጇ ገንቦው ላይ ቆመ። "እንትፍ እንድልበት?"

መሬት መሬቱን አየሁ።

"አንተስ? አንተም እንዲህ ትላለህ?"

ምን እንደ መለስኩ አላስታውስም። ገንቦውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነችው፤ እጇን ታጠበች። ወደ ማዶ፣ ወንዶቹ ብረት ወደሚቀጠቅጡበት ጎጆ አየችና፣ "ባሌ ሳይሰማ ቶሎ እንሂድ። ብቀር ነገ ቤቴ ይቃጠላል" አለች። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ነጠላዋ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር።

ከግቢያችን ስንገባ ሰው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋት። አባቴ አሁን አያወራም፤ ዓይኑ ተከፍቶ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አጠገቡ ተንበረከከች። "እግዜር ይማርዎ" አለችው፤ ከዚያም ፊቷን በግማሽ ሸፍና በደረቱ ላይ እንትፍ አለች። ወዲያው ወይም ጥቂት ቆይቶ፣ ቅደም ተከተሉን አላምነውም፣ የአባቴ ሰውነት እንደ እንጨት ደረቀ። ጥርሱን ነከሰ፤ እጅ እግሩ ይርገፈገፍ ጀመር።

"ለቀቀው! ለቀቀው!" ብለው ጮኹ። አንዲት ሴት እልል አለች። አያ ደምሌ አማተቡ። ሰው ሁሉ ተደሰተ፤ አባቴም በደስታው መካከል ይሞት ነበር።

"መድኃኒት ነው!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። "መድኃኒት ነው! መድኃኒት አብዝቶ ውጦ ነው!"

እልልታው ቆመ። "የምን መድኃኒት?" አሉ አያ ደምሌ።

እናቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣለች። "የራስ... የአእምሮ መድኃኒት" አልኩ። አንዱ ወተት አምጡ አለ፤ ሌላው ጣት ከቶ ማስመለስ አለ። ግን በዚያ ሁኔታ የሚውጥም የሚያስመልስም አልነበረም። ከአዲ አርቃይ ማሽላ ጭኖ የመጣ ሹፌር ከጎረቤት ግብዣ ላይ ነበርና ተለመነ። አባቴን በጋቢ ተሸክመን ስናወጣ ሸክላ ሠሪዋ ከበሩ ጥግ ቆማ ነበር። ሂጂ ያላት የለም፤ ተቀመጪ ያላትም የለም። በአጠገቧ አለፍኩ።

ዳባት ጤና ጣቢያ ስንደርስ ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ የአባቴን እጅ ያዘና ወዲያው ለቀቀው። "እዚህ አታውርዱት። ልቡ ይዘላል፤ ይስታል። ጎንደር! አሁኑኑ!" አለ። ከዳባት ጎንደር ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ሹፌሩ ድልድይ ላይ ፍሬን በያዘ ቁጥር የአባቴ ራስ ጭኔ ላይ ይንከባለላል፤ እጄን ከአፍንጫው ሥር አድርጌ ትንፋሹን እጠብቃለሁ።

በሆስፒታሉ የተቀበለን ሐኪም ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። በደረቱ ላይ ሽቦ አገናኝተው የልቡን ምት ወረቀት ላይ ሳሉት፤ በደም ሥሩ መድኃኒት ሰጡት። ሲረጋጋ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አስረዳኝ። ይህ ክኒን በልኩ ሲወሰድ ሐዘንን ያቀላል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን የልብን ምት የሚያዘውን ሥርዓት ያዛባዋል። አፍ ያደርቃል፤ ሽንት ይይዛል፤ ዓይን ያፈጣል፤ ሰው የሌለ ሰው ያያል፤ ከዚያ ያንቀጠቅጣል። "የሚያታልለው መጀመሪያው ነው" አለ። "የደከመውና እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። እንቅልፍ ብለው ሲተዉት ልቡ ቀጥ ይላል። ጠላ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ወተት አይረዳም፤ ራሱን የሳተን ሰው ማስመለስም ያንቀዋል። የዋጠውን መያዣ ይዞ ወዲያው መምጣት ነው።" ከዚያ፣ "መቼ ነው የዋጠው?" ሲል ጠየቀኝ።

"ጠዋት።"

"እና እስካሁን የት ነበራችሁ?"

"መኪና አጥተን" አልኩት።

አባቴ ዳነ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ፋሲካ አለፈ ወይ ብሎ ነው። ክኒኑን በማጠራቀሙ ሐኪሙ በተቆጣው ጊዜ እንደ ልጅ አንገቱን ደፋ። ከቀትር በኋላ ስለሆነው ግን ምንም አያስታውስም ነበር፤ እኛም አልነገርነውም። በከተማው የፈራነው ወሬ ሁለት ገበያ ያህል ተወርቶ ጠፋ። አያ ደምሌ ራሳቸው ወንድማቸውን ይዘው መጥተው፣ ያ ሐኪም የት ነው የሚገኘው ብለው አባቴን በጆሮው ጠየቁት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ አባቴ እግሩ ሲጠና፣ ደግፌው ገበያ ወጣን። እሷ ሸክላዎቿን በገለባ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። በሌላ በኩል ልወስደው ክንዱን ሳብኩት፤ አልሆነም። እጁን ከጋቢው አውጥቶ ከሩቅ በስሟ ጠራት።

"ከመቃብር ተመልሼ መጣሁ! አንቺ ግን ይሄን ገንቦ ዘንድሮም ልትሸጪው ነው? ከእኔ ይበልጣል እኮ በዕድሜ!"

ሳቀች። "እንኳን እግዜር ማረዎ። እርስዎ ካልሞቱ እሱም አይሸጥ።" ከዚያ እኔን አየችኝ። "ልጅዎም ደህና ነው? ቤቴን ያውቀዋል።"

"ቤትሽን? እንዴት አወቀው?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እሷ ከገንቦው ላይ ገለባ እያራገፈች፣ "ድስት ሊያይ መጥቶ ነዋ" አለች። አባቴ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንደሩ በሙሉ ተነሣ፤ አንዳንዱ በሱዳን በኩል፣ አንዳንዱ በአዲስ አበባ፣ ወደ እስራኤል ሄደ። አባቴም በእርጅና፣ በአልጋው ላይ፣ ስለዚያ ቀን ምንም ሳያውቅ ሞተ። ከፋርማሲው በተመለስኩ ማግስት ጎንደር ላለችው እህቴ ደወልኩላት። የማስታውሰውን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ አብዛኛውን አጸናችልኝ። በመጨረሻ የሴቲቱን ስም ጠየቅኳት። "እኛ እኮ ሸክላ ሠሪዋ ነበር የምንላት" አለችኝ፤ "ስሟን የሚያውቀው አባባ ነው።"

እውነቷን ነው። በኖርኩበት ሙያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ይህንንም ሳስተምር ኖሬአለሁ። አሁን በየማታው ያንን ገበያ እመለስበታለሁ። አባቴ በሰው መካከል ቆሞ እጁን ሲያነሳ ይታየኛል። አፉ ይከፈታል፤ እሷም ከሸክላዎቿ መካከል ቀና ትላለች። ስሟ ግን አይሰማኝም።